እህቴ ያማረባት ዓመት

አስመራ ውስጥ ሰው ሰላም ሲልህ መጀመሪያ የሚያየው ጉንጭህን ነው። ሞልቶ ከሆነ ደህና ነህ፤ ጎድሎ ከሆነ ግን «ምነው ከሳህ?» ተብለህ መንገድ ላይ ትቆማለህ፣ አጥጋቢ መልስ እስክትሰጥም አትለቀቅም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ ስለሆነ ይህን ልማድ በደንብ አውቀዋለሁ፤ አልወደውምም። ወፍሮ የመጣ ሁሉ ጤነኛ፣ ከስቶ የመጣ ሁሉ ሊሞት የተቃረበ ይመስላቸዋል። ይህን ደንበኛ ፊት ስናገር ኃይለኛ ነው ይሉኛል። ይበሉኝ። ምክንያት አለኝ፤ ምክንያቴም እህቴ ናት።

እህቴ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ስድስት፣ እሷ አሥራ አምስት ዓመታችን ነበር፤ አባታችን ከዚያ በፊት ነው የሞተው። አጎታችን እኔን ወደ አንድ ዘመድ፣ እሷን ወደ ሌላ ሊልከን አስቦ ነበር። እሷ እምቢ አለች። ጎዳይፍ ያለችውን ቤታችንን ቆልፋ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ አጎታችን ሲለምንም ሲቆጣም ውሎ ደክሞት ሄደ። በሳምንቱ የአዝራር ፋብሪካ ተቀጠረች።

ፋብሪካው ከቆላ በጆንያ የሚመጣውን የዓርኮኮባይ ፍሬ፣ ያን እንደ ድንጋይ የሚጠነክረውን የዘንባባ ዘር፣ እየሰነጠቀና እየጠረበ አዝራር ያወጣ ነበር። የእህቴ ሥራ መለየት ነው። ከሌሎች ሴቶች ጋር ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣ የተሰነጠቀውን፣ ቀዳዳው የተጣመመውን፣ ነጩን ከወተትማው፣ ወተትማውን ከቢጫው ትለያለች። ለሌላው ሰው አንድ ዓይነት የሚመስለውን ነጭ እሷ አራት ቦታ ትከፍለዋለች። ጓደኞቿ «ይሄ ዓይንሽ ሰይጣን ነው» ይሏት ነበር፤ ደስ ይላታል።

እኔ የተማርኩት በዚያ ዓይን ነው። ትምህርት ቤት በትግርኛ ገብቼ በአማርኛ ወጣሁ፤ ዘመኑ እንደዚያ ነበር፣ ባንዲራውም የመማሪያ መጽሐፉም በመሐል ተቀየሩብን። እሷ ግን ከትግርኛዋና ከፋብሪካ ጣልያንኛዋ አልወጣችም። የአማርኛ ንባቤን ጮክ ብዬ ሳጠና «ያንን የቢሮ ቋንቋ ቀስ ብለህ አንብበው፣ ጎረቤት ግብር ሰብሳቢ የመጣ ይመስለዋል» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ባል ያላገባችውም በእኔ ምክንያት ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ዕድሜ መቁጠር ስለምችል ነው የማውቀው። ትምህርቴን ጨርሼ መሐል ከተማ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ስቀጠር እሷ ሠላሳን አልፋ ነበር፤ በእኛ አገር ደግሞ ሠላሳ ላለፋት ሴት ሽማግሌ አይላክም። ወጣትነቷን እኔ በልቼዋለሁ። አንድ ቀንም አልወቀሰችኝም፤ ባትወቅሰኝም አውቀው ነበር።

በሽታው የጀመራት በአንድ ክረምት ነው። መጀመሪያ ደረቅ ሳል ነበር። ቀጥሎ እግሯ ላይ ሲነኩት የሚያም እባጭ ወጣ፤ ከዚያ አፍንጫዋ አጠገብ ወይን ጠጅ የመሰለ እብጠት። በመጨረሻ ዓይኖቿ ደም ለበሱ፣ ብርሃን መቋቋም አቃታት። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ነበር ፋብሪካ የምትሄደው። ግቢያችን ውስጥ አንዳንዱ የሳንባ ነቀርሳ ነው አለ። ሌላው ደግሞ አፍንጫዋን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሥጋ ደዌ አለ። ያ ስም አንዴ ከተነሣ ሰው ከብርጭቆህ አይጠጣም፤ ዘርህ እስከ ሰባት ትውልድ ይጠየቅበታል።

ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር ውስጥ ወደሚሠራ አንድ አረጋዊ ጣልያን የዓይን ሐኪም ወሰድኳት። በትንሽ መብራት ዓይኗን ሲያይ ቆየ፤ ደረቷን ራጅ አስነሣ፤ ከእባጯም ቆንጥሮ ለምርመራ ላከ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስሙን ነገረን፤ ሳርኮይዶዚ። የሳንባ ነቀርሳም አይደለም፣ ያኛውም አይደለም፤ ሰውነት ራሱን ያለ ምክንያት የሚያሳብጥበት በሽታ ነው፣ ዓይን ውስጥም ይገባል አለን። እህቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ዶቶሬ፣ ሰው ላይ ይጋባል?»

«አይጋባም።»

ስንወጣ ስሙን ሁለት ጊዜ ለራሷ ደገመችው። «በእኛ ቋንቋ ስም የለውም አይደል?» አለችኝ። የለውም አልኳት። «ደሓን። ስም ከሌለው ማንም አይጠራውም።»

ሐኪሙ ያዘዘላት የዓይን ጠብታና የኮርቲዞን ክኒን ነው። ክኒኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰች በሦስት ወር ተመልሳ እንድትመጣ ነገራት። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ «ይህ መድኃኒት እንግዳ ነው፤ አስተናግዳችሁ ሸኙት። ቤት ከለመደ አይወጣላችሁም» አለኝ። የመድኃኒት ቤት ሰው መሆኔን ስለነገርኩት እንደ ሥራ ባልደረባ ነበር የሚያናግረኝ፤ እኔም በዚያ ኮርቼ ነበር።

መድኃኒቱ ተአምር ነው የሠራው። በአንድ ሳምንት ዓይኗ ጠራ፤ በአንድ ወር እባጩ ጠፋ፤ አፍንጫዋም እንደ ድሮው ሆነ። ከዚያ ፊቷ መሙላት ጀመረ። እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ አጥንቷ የሚቆጠር ሴት ነበረች፤ እናቴም እንደዚያ ነበረች አሉ። አሁን ጉንጯ ወጣ፣ አገጯ ክብ ሆነ፣ ቆዳዋ ቀላ ብሎ አበራ። መንገድ ላይ ሰው ያስቆማታል። «ወፈርሽ፣ አማረብሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» ይሏታል። ግቢያችን ውስጥ ሥጋ ደዌ ነው ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ አቅፈው ይስሟታል። ነጠላዋን ከቅንድቧ ወደ ትከሻዋ አወረደችው። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ በግድግዳው መስተዋት ፊት ቆማ፣ ጉንጯን በሁለት መዳፏ ይዛ፣ ለራሷ ስትስቅ አገኘኋት። እስከዚያ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ድረስ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እንዳየኋት ሳታውቅ ተመልሼ ወጣሁ።

ሦስት ወር ሲሞላ ክኒኑን እንደታዘዘው ቀነስን። አፍንጫዋ አጠገብ ያቺ ወይን ጠጅ ነጥብ ብቅ አለች። እህቴ በጣቷ ነካችና ቀና ብላ አየችኝ። በማግስቱ ክኒኑን ወደ ሙሉው መለስኩላት፤ ነጥቧም ሄደች። ሐኪሙ ዘንድ አልተመለስንም። ደህና ሆኖ ሳለ ሐኪም ቤት የሚሄድ ማን ነው? የሐኪሙ ማዘዣ ወረቀት፣ እኛ ሪቸታ የምንለው፣ በእጄ ነበር። በከተማችን አንዴ የተጻፈ ሪቸታ አያልቅም፤ ሰው በአራት አጥፎ ኪሱ ውስጥ ለዓመታት ይይዘዋል፣ መድኃኒት ቤቱም ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ይሰጣል። እኔ ደግሞ ወረቀት ማሳየትም አያስፈልገኝም ነበር።

ሰው «ምን አብልተሃት ነው?» ሲለኝ «ፍቅር» እላለሁ። እውነት ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ሽማግሌ ተላከ። ሰውየው በጎዳይፍ መስመር የሚሠራ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ንግግር የማያበዛ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። እህቴ ለዓመታት በእሱ አውቶቡስ ስትመላለስ «እንዴት አደርሽ» «ደህና አደርክ» ከመባባል አልፈው አያውቁም። ሽማግሌዎቹ ቤታችን ገብተው ተቀመጡ፤ በእኛ በኩል አጎታችን ተቀመጠ፣ እኔም የቤቱ ወንድ ነኝና አጠገቡ። ዘር ተቆጠረ፤ ዝምድና እንደሌለ ተረጋገጠ። ከዚያ እንደ ልማዱ ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«እንዲያው ለወጉ ነው፤ በዘራችሁ ደዌ የለም?» አለ።

«የለም፤ ንጹሕ ነን» አለ አጎታችን። ለአጎቴ ውሸት አልነበረም፤ የሚያየው ክብ ፊቷን ነውና። እኔ የማውቀው ነበርኩ። የሻሂ ብርጭቆዬን አየሁ፣ ወለሉን አየሁ፣ ሻሂዬን ፉት አልኩ። እህቴ ከመጋረጃው ኋላ ሻሂ ስትቀዳ ነበር፤ የማንኪያው ድምፅ ቆመ፣ ጥቂት ቆይቶ ቀጠለ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

እንግዶቹ ሲሄዱ እጄን ያዘችኝ። «ሓወይ» አለችኝ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው፣ አንድ ነገር ከልቧ ስትፈልግ ብቻ ነው እንደዚያ የምትጠራኝ። «እስከ ሠርጉ አንዲትም ክኒን እንዳታጎድልብኝ።» እሺ አልኳት።

ኅዳር ላይ መድኃኒት ቤታችን አዲስ የክኒን ሣጥኖች መጡለት። በየሣጥኑ ውስጥ በጣልያንኛ የተጻፈች ስስ ወረቀት ትኖራለች፤ ማንም አያነባትም፣ እኔ ግን ማንበብ ሥራዬ ነው። ድሮ ያልነበረ አንድ መስመር ተጨምሮባት ነበር። ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ የዓይን ሞራ ያመጣል፣ የዓይን ግፊትም ይጨምራል ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እስከ ፋሲካ አምስት ወር ነው፣ አምስት ወር ምን ያደርጋል አልኩ ለራሴ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ባንኮኒው ላይ ለስንት ሰው ሰብኬያለሁ። ያን ቀንም ሳልሰብክ አልቀረሁም። ማታ ሣጥኑን ይዤላት ገባሁ።

የካቲት መጨረሻ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ የጎረቤታችን ሴትዮ መጡ። ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ልጅቷ ቀጭን ናት። እህቴ መስኮቱ ሥር ምስር በሰፌድ ይዛ ትለቅማለች። ሴትዮዋ የመጡበትን ነገር ዙሪያውን ሲዞሩት ቆይተው፣

«ወደይ፣ ልጄ፣ አትንፈገን። እህትህን ያሳመርክበትን ክኒን ለልጄም ስጥልኝ» አሉኝ።

ድካም ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ነደደኝ። «እማማ፣ ልጅዎን ማሳወር ይፈልጋሉ እንዴ? ያ ክኒን ዓይን የሚያጠፋ ነው! ጠላቴ ቢለምነኝ አልሰጠውም» አልኳቸው።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ሴትዮዋ ተቀይመው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እኔ ወደ መስኮቱ መዞር ፈራሁ። ስዞር እህቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች። ምስሩን አየሁት። የለቀመችው በአንድ በኩል፣ ያልለቀመችው በሌላ በኩል ነው፤ በሁለቱም በኩል ጠጠር አለ። ለካ ስትለቅም የነበረው በጣቷ ዳበሳ ነው። ያቺ ነጭን ከነጭ የምትለይ ሴት።

«ካወቅህ ስንት ጊዜህ ነው?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«ከኅዳር ጀምሮ። አንቺስ? ማየት ካቆምሽ?»

«ከመስከረም ጀምሮ። መጀመሪያ የአውቶቡሱ መብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር አየሁ። ከዚያ ጭጋግ። አሁን በግራ ዓይኔ እጄንም አላይም። ፋብሪካ ውስጥ ጓደኞቼ የእኔን ሳህን ደብቀው መልሰው ይለቅሙልኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ክኒኑን ትከለክለኝ ነበራ።»

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ሰፌዱን አስቀምጣ ራሴን ደባበሰችኝ፣ ልክ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ እንደምታደርገው። ያ ደግሞ አባሰብኝ።

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። በሩ ላይ ሲያያት ፊቷን ብቻ አይቶ ገባው፤ ጥርሱን ነከሰ። መርምሮ ሲጨርስ የተቆጣው እኔን ነው። «አንተ የመድኃኒት ቤት ሰው ነኝ ብለኸኝ አልነበረም?» አለኝ። የግራውን ዓይን ግፊቱ ሥሩን ገድሎታል፣ አይመለስም አለ። የቀኙም ግፊት ጀምሮታል፤ ግን ዋናው ሞራ ነው፣ ጠብታ አድርገን ግፊቱን ከያዝነው ሞራው በቀዶ ጥገና ይወጣል። ከዚያ በፊት ግን ክኒኑ መቀነስ አለበት። በአንድ ጊዜ ከቆመ ሰውነቷ ይወድቃል፤ በትንሽ በትንሹ፣ ለወራት ነው የሚቀነሰው። ካልተቀነሰ ቀኙም ግራውን ይከተላል።

እህቴ ሁሉንም ካዳመጠች በኋላ፣ «ፊቴስ?» አለችው።

«ፊትሽ ወደ ቦታው ይመለሳል» አላት፤ የምሥራች የነገራት መስሎት ነበር። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ስለ ዓይኗ ሲነገራት እንባ ያልወጣት ሴት ስለ ጉንጯ አለቀሰች። እኔ ግን አልፈረድኩባትም፤ ያ ፊት ከመጣ ወዲህ ነው ዓለም ሰላም ያላት።

በማግስቱ ጠዋት ሪቸታውን ከኮቴ ኪስ አጣሁት። ቀትር ላይ፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ በሚያርፍበት ሰዓት፣ ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ዞርኩ። በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የሚሠሩባቸውንም ሁሉ አውቃለሁ። ከምሳቸው እያስነሣሁ፣ «እህቴ ያንን ክኒን ብትጠይቅ እባካችሁ አትስጧት» ብዬ ለመንኩ። ለሰው ስሙን ያልነገርነውን በሽታ ለሁሉም ተናገርኩ። ሦስተኛው ቦታ ላይ ያለው ሰው ምግቡን ማኘክ አቁሞ፣ «ጠዋት መጥታ ነበር፤ ሰጠኋት» አለኝ።

ቤት ስደርስ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ እጆቿን በላዩ አጣምራ ትጠብቀኝ ነበር። አልተከፈተም።

«ልውጠው ብዬ ነበር» አለች። «ከዚያ በቀኝ ዓይኔ መስተዋቱን አየሁ። ፊቴ አልታየኝም። የማላየውን ፊት ለማን ነው የማቆየው?» ሣጥኑን ወደ እኔ ገፋችው። «አንተ ቁረጥልኝ። ለእሱ ግን የምነግረው እኔ ነኝ፣ አንተ እንዳትቀድመኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አንድ ክኒን ሳህን ላይ አድርጌ በምላጭ እቆርጥ ነበር። መጀመሪያ ጠርዙን ብቻ፣ ቆይቶ ግማሽ፣ ከዚያ ሩብ። ክኒን እንደ ልብህ አይቆረጥም፣ ይፈረፈራል። እሷ ፍርፋሪውን በጣቷ ጫፍ እየነካች ትልሳለች፤ አንድ ባኒ ዳቦ ትበላበታለች፤ ሻሂዋን ትጠጣለች። ስንት ሺህ ክኒን ለሰው እንደሰጠሁ አላውቅም፣ አንዱንም እንደዚያ ተጠንቅቄ ሰጥቼ ግን አላውቅም።

ለሹፌሩ የነገረችው በዚያው ሳምንት ነው። የጎዳይፍ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ እስኪወርድ ጠብቀን አውቶቡሱ ውስጥ ቀረን። እኔን ሦስት ወንበር ወደ ኋላ አስቀመጠችኝና እሷ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠች። እሱ ሞተሩን አጠፋ፤ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ እጁን መሪው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ሁሉንም ነገረችው። «በሽታ አለብኝ። ሽማግሌዎችህ ሲጠይቁ የለም ተባልክ፣ አለ። አይጋባም፣ ግን አለ። የጠየቅኸው ፊት የእኔ አይደለም፤ የክኒን ነው፣ እየሄደ ነው። አንድ ዓይኔ ጠፍቷል፤ ለሁለተኛው ቀዶ ጥገና ሊያደርጉልኝ ነው፣ ይድን እንደሆነ አላውቅም። ልትተወኝ ትችላለህ። አልቀየምህም።»

ሹፌሩ የመሪውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ጠረገ።

«ቀዶ ጥገናው መቼ ነው?» አላት።

«ዶቶሬው ሰኔ ይላል።»

«እንግዲያው የጠዋቱን ፈረቃ ወደ ከሰዓት አስቀይራለሁ።»

«ያልኩህን ሰምተሃል?»

«እወ፣ ሰምቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ሐኪም ቤት አጠገብሽ እንድሆን ነው» አለና ሞተሩን አስነሣ።

አጎታችን አሳፈርሽኝ ብሎ አንድ ወር አኮረፈ፤ በሹፌሩ በኩልም ታላቅ እህቱ ተቃወመች አሉ። ሠርጉ ወደሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። በእነዚያ ወራት ፊቷ በየሳምንቱ ሲጎድል አየሁ። መጀመሪያ አገጯ፣ ከዚያ ጉንጯ። መንገድ ላይ የሚያስቆሟት አሁን «ምነው ከሳሽ?» ሊሏት ነው፤ «ጾም ነው» ትላለች፤ ጾሙ ካለፈ በኋላም «ጾም ነው» ትላለች። አንድ ጠዋት ክኒኗን ስሰጣት ቀና ስትል፣ ያቺ ቤት ቆልፋ ደጃፍ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ፊት ተመልሶ አየሁት። ናፍቆኝ እንደነበር እንኳ አላውቅም ነበር። አፍንጫዋ አጠገብ ያቺ ነጥብ ተመልሳለች፤ ትንሽ ናት፣ እንደዚያው አብራት ኖረች።

ሐኪም ቤት ስትገባ በአማርኛ የተጻፈ ቅጽ ሰጡን። እየተረጎምኩላት ሞላሁት። መጨረሻው ላይ «ኃላፊነት የሚወስድ ዘመድ» የሚል ቦታ ነበር። ብዕሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። «ምን ይላል?» አለችኝ። ፈርም ይላል አልኳትና ፈረምኩ።

ያኔ ሞራ የወጣለት ሰው ሁለቱም ዓይኖቹ ታስረው፣ ራሱ በሁለት የአሸዋ ከረጢት መሐል ተይዞ፣ ሳይነቃነቅ ለቀናት ይተኛ ነበር። ጠዋት ሹፌሩ፣ ከሰዓት እኔ እንጠብቃት ነበር። እኔ ጋዜጣ አነብላታለሁ፤ ይሰለቻታል። እሱ ጋዜጣም ወሬም የለውም። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ስደርስ ጆሮዋ አጠገብ ጎንበስ ብሎ የመስመሩን ፌርማታዎች አንድ በአንድ ሲነግራት ሰማሁት፤ እዚህ ጋ ማን እንደወረደ፣ እዚያ ጋ ማን ሻንጣ ይዞ እንደተሳፈረ። ራሷን ማንቀሳቀስ ስለማትችል በከንፈሯ ብቻ ትስቅ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።

ቀኝ ዓይኗ ዳነ። እንደ ብርጭቆ ቂጥ የወፈረ መነጽር ተሰጣት። በዚያ መነጽር አገባች፤ ፎቶ አንሺው ለአንድ ደቂቃ አውልቂው ቢላት እምቢ ብላ እንዳደረገችው ተነሣች። አዝራር መለየት አልቻለችም፤ ፋብሪካው ውስጥ አዝራሩን ካርቶን ላይ ወደሚሰፉት ሴቶች ተዛወረች። ከባሏ ታላቅ እህትም ጋር ተስማማች።

እኔ ግን አልተስማማሁም፣ ከራሴ ጋር። የክኒኑን ስስ ወረቀት ያነበብኩባት ቀን ከአፌም ከሆዴም አልወጣ ብላኝ አራት ዓመት ከረመች። አንድ ቅዳሜ፣ ደጃፏ ላይ ፀሐይ ስንሞቅ፣ ሳላስበው ወጣችልኝ።

«ግራ ዓይንሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ልትቀልድብኝ የተዘጋጀች መስሎኝ ነበር። መነጽሯን መልሳ አድርጋ ትክ ብላ አየችኝ።

«እኔ ሁለቱንም ልሰጥ ተነሥቼ ነበር» አለች። «አንዱን ያስቀረህልኝ አንተ ነህ።»

ፀሐዩ ሲበርድ ተነሥተን ወደ አውቶቡሱ ሄድን፤ ባሏ የከሰዓቱ ፈረቃ ላይ ነበር። ከእሷ ጋር ስሄድ ሁልጊዜ በግራዋ በኩል ነው የምሄደው፤ ከዚያ በኩል የሚመጣ መኪና አይታያትም።